ደጃፍ ላይ የማይነገር ሳል

ከዞኑ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ጋር መስክ የወጣ ሹፌር ሁሉ እየሩስን ያማታል። «እሷን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለምሳ አታስቡ፤ በየቤቱ ስትበላ ነው የምትውለው» ይላል። ሐሜቱ እውነት ነው። እየሩስ ሰው ቤት ገብታ ቁጭ ሳትል፣ ከቀረበላትም ሳትቀምስ፣ ስለ ጤና አንድ ጥያቄ አታነሳም። ይህን ያስተማራት ዩኒቨርሲቲ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከቦዲቲ አለፍ ብሎ፣ እሷው በተወለደችበት መንደር ራስጌ ካለው ኮረብታ ላይ ድንጋይ መፍጫ ሊተከል ታሰበ። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አቧራው የሚብስበት ታማሚ በመንደሩ ይኖር እንደሆነ መጠናት ነበረበት። «የሰፈሩ ልጅ ትሂድ» ተባለና እየሩስ ከባልደረባዋ ከመልካሙ ጋር ሄደች። ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ናት፤ ችኮላዋ ለጉድ ነው። ወረቀቷን ይዛ በየደጃፉ ትቆምና «እዚህ ቤት የሚያስለው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አለ?» ትላለች።

«ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን!»

ደግሞስ ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ጉዱን የሚዘረግፍ ማን አለ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ መንደሩ በሙሉ ይደብቃል።

አባቷ አቶ ዳልጮም በራቸው ላይ ቆመው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ሰብስበው «ደህና ነኝ ልጄ» አሏት። ደህና ብላ ጻፈች።

የመጨረሻዋ ቤት የጎረቤታቸው የወይዘሮ አገርነሽ ነበረች። ረሃቡም ድካሙም አሸንፏት ስለነበር «ነይ ግቢ» ሲሏት እምቢ አላለችም። ትኩስ ጎደሬ በዳጣ ቀረበላት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደጎረሰች አገርነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባትሽ ነገረሽ ወይ? ከክረምት ወዲህ እኮ ተኝቶ አያድርም። ግድግዳ ተደግፎ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው። ሳሉ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።» ቀጥለውም የራሳቸውን ደረት፣ የምራታቸውን አስም አወሩላት። እየሩስ የያዘችውን ጎደሬ አስቀምጣ ተነሳች።

እየሮጠች ተመለሰች። «ለምን ዋሸኸኝ አባዬ?»

«ታምሜአለሁ ብልሽ ትጽፊዋለሽ። ከዚያ ለአባቷ ብላ የሰፈሩን ሥራ አስቀረች ይሉሻል። እንጀራሽ ነው ልጄ፤ በእኔ ሳል አይበላሽም» አሏት አቶ ዳልጮ። ይህን ሲሉ እንኳ ዓይናቸው እስኪቀላ ሳላቸውን እየዋጡ ነበር።

«እንግዲያው ለእኔ አትንገረኝ» አለች። «ለመልካሙ ንገረው።»

መልካሙ ነገሩን ሲሰማ አልሳቀባትም። በማግስቱ መንደሩን እንደገና ጀመሩት፤ አሁን ግን በየቤቱ ቁጭ እያሉ፣ የቀረበላቸውን እየቀመሱ ነው። ትናንት ደህና ሲል የነበረ ሁሉ ደረቱን እየነካ ያወራቸው ጀመር። የአቶ ዳልጮን ቤት መልካሙ ብቻውን ገባ። ምሳ በላ፣ ቆየ። እየሩስ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። መጀመሪያ የሁለቱ ወሬ ተሰማት። ቀጥሎ ሳሉ መጣ፤ ረጅም፣ ያልታፈነ፣ ከሆድ የሚወጣ ሳል። የአባቷን ሳል ሰምታ ደስ ያላት ልጅ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እንባዋን በእጇ እየጠረገች «ሳል አባዬ፣ ሳል» ትል ነበር።

መፍጫው ጨርሶ አልቀረም። ነፋሱ አቧራውን ወደ መንደሩ በማያመጣበት፣ ከኮረብታው ማዶ ተተከለ፤ የመንደሩ ወጣቶችም ሥራ አገኙበት።

አቶ ዳልጮን ሳሉ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ እየሩስ ከምትሠራበት ከሶዶ መጥታ «እንዴት ነህ አባዬ?» ስትላቸው፣ ተመስገን ብለው አያልፏትም። አጠገባቸው ያለውን መደብ በእጃቸው መታ መታ ያደርጉና፣

«ደህና አይደለሁም፤ ነይ ቁጭ በይና ልንገርሽ» ይሏታል።