ከሶዶ ሰው ሽሽት አረካ

ረቡዕ ንጋት፣ ሶዶ መናኸሪያ

ጎህ ሲቀድ ከማርቆስ ጋር የአረካ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠናል። አምና ሚዜው ነበርኩ፤ ሚዜነት ከሠርጉ ጋር የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው እሁድ ሲቅም ውሎ፣ ምርቃናውን ለመስበር “ጨብሲ” ብሎ መጠጥ ቤት ገባ። ከዚያ ከማያውቃት ሴት ጋር አደረ፣ ያለ ኮንዶም። ለእኔ የነገረኝ ገና ትናንት ነው።

“ምን ነካህ?”

“መርቅኜ ነበር” ይላል፣ ሌላ ሰው ያደረገው ይመስል።

ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በሦስት ቀን ውስጥ ካልተጀመረ ዋጋ የለውም። ሦስቱ ቀን ዛሬ ማታ ይሞላል። መድኃኒቱ እዚሁ ሶዶ፣ በእግር በሚደረስ ሆስፒታል አለ። ማርቆስ ግን ካርድ ክፍል ጎረቤቱ ስላለች ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሹፌሩ “ሁለት ሰው ነው የቀረው፣ ታገሱ” እንዳለ ፀሐይ ወጣች።

መንገድ ላይ

እንሰት፣ ጎዳሬ፣ በጆንያ የታጨቀ አቮካዶ። አንዲት እናት ዶሯቸውን እኔ ጭን ላይ አስቀመጡ። በየመታጠፊያው “ወራጅ አለ” ይባላል፤ ቆመን ደግሞ ሌላ ሰው እንጭናለን። ማርቆስ ኮፍያውን ደፍቶ ተኝቷል። እኔ ነኝ የምቃጠለው።

አረካ፣ ረፋድ

ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተራ እንደያዝን፣ ከፊታችን ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰው ዞር አለ። እሁድ ከማርቆስ ጎን ሲቅም የዋለው ጓደኛው ነው።

“አንተም?”

“አንተስ?”

እሱም ከሶዶ ሰው ሸሽቶ ነው የመጣው። ሳቄና ንዴቴ አንድ ላይ መጡ።

ነርሷ የማርቆስን ደም መረመረች፤ እስካሁን ነፃ ነው። የመጀመሪያውን ክኒን ፊቷ አስዋጠችው። “አንድ ወር፣ በየቀኑ። እንደገና ተመርምረህ ነፃ እስክትባል ከባለቤትህ ጋር በኮንዶም።”

“ሲስተር፣ ቤቴ ኮንዶም ይዤ ከገባሁ ሚስቴ ትጠረጥረኛለች።”

“ትጠርጥርህ” አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

መልስ

“ሚዜዬ፣ የጨጓራ መድኃኒት ነው በልልኝ” ይለኛል። መልስ ሳልሰጠው ስልኬ ጠራ። ሚስቱ አስቴር ናት።

“ወንድሜ፣ ማርቆስ አንተ ጋ ነው? ከሰኞ ጀምሮ ሳሎን ነው የሚተኛው። ምን በድዬው ነው?”



“አጠገቤ ነው፣ እሱ ይነግርሻል” ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እኔን እኔን ያያል። ዛሬ ግን አልመረቀነም።