ሞላ እስከ ዐሥረኛው ዲስክ አልመጣም

መጋቢት 11 ቀን፣ ሐሙስ። መስማት በተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ የተገኘው የግምገማ ቅጽ እስከ ዐሥረኛው ዲስክ ድረስ ተሞልቷል። የዐሥራ አንደኛውና የዐሥራ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ከታች «ውሳኔ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊትም አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም። ቅጹን ትሞላ የነበረችው ሴት በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን ልታስር ጎንበስ እንዳለች በዚያው ቀረች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነበር።

በትምህርት ቤቱ «አጉሊ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ከምታንጠለጥለው አጉሊ መነጽር ነው። «እርስዎ» መባል አትወድም። «እኔ አንድ ነኝ፤ ለምን ታበዙኛላችሁ?» ትላለች። ስለዚህ እዚህም «እሷ» ተብላለች።

ሥራ የጀመረችው ሲኒማ ቤት ውስጥ የተበጠሰ ፊልም በመቀጠል ነው። ቀጥሎ ካሴት መጣ፣ ቀጥሎ ዲስክ። ሁሉንም በየተራቸው ንቃቸዋለች። ወደ ትምህርት ቤቱ ከመጣች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ለልጆቹ የሚገዛ ማንኛውም ፊልም ክፍል ከመግባቱ በፊት እሷ አይታ ትፈርማለች፤ ካልፈረመች አይገዛም። ለዚህ የተሰጣት ቅጽ ዐሥራ ሦስት ረድፍ አለው። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ ስለ ድምፅ ይጠይቃሉ፦ የድምፁ ጥራት፣ የድምፁ መጠን፣ ድምፁ ከምስሉ ጋር መግጠሙ። ቅጹን ያዘጋጀው ባለሙያ ወረቀቱ ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚላክ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም። አጉሊ በሦስቱም ረድፎች ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ለማን?» ብላ ጻፈች። መልስ የሰጣት የለም። ቅጹን ከእሷ በቀር ያነበበ ሰው እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

የመጨረሻውን ስብስብ ያመጣው የታናሽ እህቷ ባል ነው። ካቻምና የመኪና ወንበር ልብስ፣ አምና መጥበሻ ያስመጣ ሰውዬ ዘንድሮ አኒሜ የሚባል የጃፓን የሥዕል ፊልም አስመጣ። ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ ገባ።

«እትዬ፣ ይሄንንስ ምን ልትይው ነው? ዐሥራ ሁለት ዲስክ፣ አርባ ስምንት ክፍል፣ ያውም ከሥር አማርኛ ጽሑፍ ያለው! ኦሪጅናል ነው።»

«ኦሪጅናል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ኦሪጅናል ነዋ!»

«መጥበሻህም ኦሪጅናል ነበር። እጀታው እስካሁን እኔ ጋ አለ፤ መጥበሻው የት እንደወደቀ አላውቅም።»

ሳጥኑን ተቀበለችው። ወፍራም ካርቶን ነው፤ ማዕዘኑ አልተላጠም፤ የወርቅ ቀለሙ በጥፍር ሲፋቅ አይለቅም። ዲስኮቹን እያወጣች ጀርባቸውን ወደ መስኮቱ ገለበጠቻቸው። ቤት ውስጥ የተቀዳ ዲስክ ጀርባው ወይን ጠጅ ይመታል፤ እነዚህ ግን እንደ አዲስ ማንኪያ ነጭ ናቸው። በመካከለኛው ቀለበት ላይ የተቀረጸው ቁጥር በአጉሊ መነጽሩ ሥር ጥርት ብሎ ይነበባል። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዘግታ ከፈተችው፤ ልጆቹ የማይሰሙትን እሷም አትሰማም። በጨለማ ትዕይንት ላይ እንኳ ምስሉ አልተፈረካከሰም። እንከን ፈልጋ ማጣቷ አናደዳት።

«ልብሱ ጥሩ ነው» አለች። «ሰውየውን ደግሞ እንይ።»

ይህን ያለችው በምክንያት ነው። አምና አንድ ሌላ ስብስብ አይታ ፈርማ ነበር። ምስሉ ንጹሕ፣ የፊደል ግድፈት የሌለበት፤ ቅጹ የሚጠይቀውን ሁሉ ያሟላ። በዘንድሮው የካቲት አንዲት ልብስ ሰፊ ደብዳቤ ይዛ ቤተ መጻሕፍቱ ገባች። ደብዳቤውን የጻፈችው እዚያው ትምህርት ቤት የምታድረው የዐሥራ አንድ ዓመት ልጇ ናት። «ውድ እናቴ፣ መቼ ትመጣለህ? አንተን ናፍቄሃለሁ» ይላል።

«ይሄ ለኔ አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጥሎን ለሄደው አባቷ የጻፈችውን ነው ስሙን ለውጣ የላከችልኝ። እኔ ጣቴን እየወጋሁ አሳድጌያት እሱን ነው የናፈቀችው!» ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጇን መጠየቅ ተወች።

አጉሊ የአምናውን ስብስብ አውጥታ እንደገና ተቀመጠች። በሳምንቱ አራተኛው ዲስክ ላይ አገኘችው። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ልጅ ለእናቷ እንዲሁ ብላ ትጽፋለች፤ ቃል በቃል። የሚሰማ ልጅ አንተን ከአንቺ የሚለየው ከቤትና ከመንገድ ነው። የማይሰማው ከስክሪኑ ሥር ያነበዋል። ከስክሪኑ ሥር ያለውን ያሳለፈው ፊርማ ደግሞ የእሷ ነበር።

በቅጹ ግርጌ በማስመሪያ ዐሥራ አራተኛ ረድፍ አሰመረች። «ማን ማንን ምን ይለዋል?» ብላ ጻፈችበት።

ርዕሰ መምህርቷ አየችው። «አጉሊ፣ ከበላይ በመጣ ቅጽ ላይ ረድፍ መጨመር አይቻልም።»

«እንግዲያው ከድምፁ አንዱን ሰርዢና በቦታው አግቢልኝ። ሦስት አሉሽ።»

«ወሩ ሲያልቅ የግዢው ጊዜ ይዘጋል። ይሄንን ካልፈረምሽ ልጆቹ ዘንድሮ ምንም አያገኙም።»

«ምንም ይሻላል» አለች አጉሊ፤ ግን ቀለል ብሏት አልነበረም። ልጆቹ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በመስኮቱ እያዩ ሳጥኑን በጣታቸው ሲያሳዩዋት ከርመዋል።

ፊልሙ አንዲት አያትና የልጅ ልጇ በጀልባ ደብዳቤ ሲያድሉ የሚያሳይ ነው። ሥዕሉ ያማረ፣ ውሃው የሚነካ የሚመስል። ጽሑፉን ግን የተረጎመው ማሽን ነው፤ ሰው አልነካውም። በዐሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ በአጉሊ ደቃቅ እጅ የተጻፈው ይኸውና፦ ዲስክ አንድ፤ የልጅ ልጅ አያቷን፣ «አንተ አሮጌ፣ ተነስ፤ ቁርስህ ቀዘቀዘ።» ዲስክ ሁለት፤ አያቲቱ «እሺ» ማለት ሲገባት «ቀኝ!» ትላለች፣ ጀልባዋ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ዲስክ ሦስት፤ «ሞላ መጣ። አበቦቹም ሁሉ ፈነዱ።» ከዚህ አጠገብ፦ «ጸደይ ለማለት ነው። በእንግሊዝኛ ጸደይና የፍራሽ ሞላ አንድ ስም ስላላቸው፣ ተርጓሚው ፍራሹን መረጠ።» ዲስክ ስድስት፤ «ሞላ ከመጣ ወዲህ ልቤ ሞቀ።» ዲስክ ዐሥር፤ «ሞላን እስካሁን ጠብቄዋለሁ። አልመጣም።» ከሥሩ ድምር አለ፦ ሴት እንደ ወንድ የተጠራችበት፣ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ።

አስመጪው ረቡዕ ዕለት መጣ። ቅጹን አየና ሳቀ።

«ለዚህ ነው እንዴ? አንተና አንቺ፣ አንድ ፊደል ናት እኮ፣ እትዬ!»

«አዎ፣ አንድ ፊደል ናት። ዛሬ ቤት ግባና እህቴን "አንተ" በላት። ነገ በስንት ጥርስ እንደምትስቅ አያለሁ።»

«ቀልዱን ተይው። ልጆቹ እንደሆኑ አይሰሙም!»

አጉሊ መነጽሯን ከዓይኗ ላይ አወረደች።

«እሱን ነው እኮ የምልህ። አይሰሙም። ያነባሉ።»

ይህ ሁሉ ተጽፎ «ውሳኔ» የሚለው ባዶ ቀረ። አርብ ሞተች፣ ቅዳሜ ተቀበረች። አስመጪው ከቀብር ሲመለስ፣ ጫማው ላይ ያለው አፈር ገና ሳይደርቅ፣ ርዕሰ መምህርቷን ወደ ጥግ ወሰዳት። «ቦታው ባዶ ከሆነ አልተቃወመችም ማለት ነው» አላት። «ነፍሷን ይማር፣ በመጨረሻ ልቧ ራርቶ ነበር።» ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በምንም ዕቃ ላይ ያልራራን ልብ፣ በሞተ በማግስቱ፣ ለአንድ ካርቶን አራራው። ርዕሰ መምህርቷም ወሩ እስኪያልቅ የቀሩትን ቀናት በልቧ ቆጠረች።

ነገሩ የተቋጨው በልብስ ሰፊዋ ነው። በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከስንት ሳምንት በኋላ ልጇን ልትጠይቅ መጣች፤ የአጉሊን ሞት የሰማችው በሩ ላይ ነው። ሐሙስ ዕለት የሰማችውን ለርዕሰ መምህርቷ ነገረቻት። ቃሏ በሌላ ወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ ከቅጹ ጋር ተያይዟል። ስብስቡ ሰኞ ለአስመጪው ተመለሰ። ባዶው ቦታ እንደ ባዶነቱ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ አልገባበትም።

ሐሙስ የሆነው ይህ ነው። አጉሊ ከዐሥር ቀን በፊት ለልብስ ሰፊዋ እንዲያጥር የሰጠችው ቀሚስ ነበራት። ቀሚሱ አልረዘመም ነበር። «ተሳስቻለሁ» ለማለት ምክንያት ያስፈልጋታል፤ ለዚህ አንድ ቀሚስ ከፈለች። ዐሥር ሰዓት ላይ ወደ ሱቁ ገባች።

«ደርሷል፣ እትዬ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና ሳትል።

አጉሊ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ የስፌት መኪናው ላይ አኖረችላት። «አንብቢው።»

«ይሄማ የልጄ ደብዳቤ ነው!»

«አይደለም። ከፊልም የገለበጥኩት ነው። ፊልሙ ላይ ያለችው ልጅ እናቷን ነው እንዲህ የምትላት። ያንቺም ልጅ ያለችው አንቺን ነው። የናፈቀችው አንቺን ነው። ፊልሙን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አዲሱስ እንደዚሁ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ይብሳል። ክፍል አይገባም። ሁለት ዲስክ ይቀረኛል፤ ነገ አይቼ እጽፈዋለሁ።»

«ከወሰንሽ ለምን ታዪዋለሽ?»

«ሳላይ አልጽፍም። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ሞላ ይመጣ ይሆናል።»

ሞላ ማን እንደሆነ አልነገረቻትም። ቀሚሱን አንስታ ጠርዙን በአጉሊ መነጽሩ ሥር ከዳር እስከ ዳር አሳለፈችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ስፌቱ ዘሏል። እዚህ ጋ።»

ልብስ ሰፊዋ አየች፤ አልታያትም፤ መነጽሩን ተውሳ አየች፤ ታያት። ሳቋ አመለጣት። ክሩን ፈትታ ያቺን የጣት ስፋት እንደገና ሰፋቻት። አጉሊ ቆማ ጠበቀች፣ መረመረች፣ አራት ቦታ አጠፈችው። ከዚያ ቀሚሷን በብብቷ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።