የዋጋነሽ የመጨረሻ ክፍል

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ምን ይወጣዋል? የዋጋነሽ ወዬሳ ሲጨመቅ የወጣው አንድ ያላለቀ ጨዋታ ነው።

ዋጋነሽ ኮልፌ ባለ አንድ የመንግሥት እህል መጋዘን ታይፒስት ነበረች። በደርግ ማብቂያ ዓመታት መጋዘኑ ኮምፒዩተር ሲመጣለት፣ "ጣትሽ ፈጣን ነው" ብለው እሷን ፊቱ አስቀመጧት። ማሽኑን የተከለው ባለሙያ በዲስክ ጨዋታ ትቶላት ሄደ። አንድ ትንሽ ሰውዬ ሣጥን እየገፋ ምልክት ያለበት ቦታ ያደርሳል፤ ሣጥኖቹ ሁሉ ሲደርሱ ቀጣዩ ክፍል ይከፈታል። በቀስት ቁልፎች ይታዘዛል፤ ይገፋል እንጂ አይጎትትም። ሣጥን ጥግ ከገባ አከተመ፣ እንደገና መጀመር ነው። ዋጋነሽ ምሳዋን በቀኟ እየጎረሰች በግራዋ ቀስቱን ስትጫን፣ የመጨረሻው ክፍል ደረሰች። እዚያ መፍቻው ጠፋት።

ወሬው የውይይት ክበቡ ሰብሳቢ ጓድ ፈጠነ ጆሮ ገባ። ሂስና ግለሂስ በሚደረግበት ስብሰባ ላይ አስነሣት።

"በመንግሥት ንብረት ተጫውተሻል። ግለሂስ አድርጊ!"

"መጀመሪያ የተከሰስኩበትን እንየዋ፣ ጓድ።" ከቦርሳዋ እርሳሶችና የለስላሳ ቆርኪዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። "ግድግዳው እርሳሶቹ፣ ሣጥኑ ቆርኪው።"

ዘበኛው ጋሽ ጉታ ቀረብ ብለው አንዱን ገፉ።

"ኧረ ጋሽ ጉታ፣ ጥግ ከተቱት!"

"ጎትቼ አወጣዋለኋ!"

"መጎተት የለም እኮ፣ መግፋት ብቻ ነው።"

"ምን ዓይነት መጋዘን ነው እቴ! የኛው ይሻላል።"

"ዞረው በዚያ በኩል ይግፉት እንጂ!" አለች የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ተሻለች። ሁሉም ተንጠራራ፣ ስብሰባው ዳማ ቤት መሰለ።

ጓድ ፈጠነ ጠረጴዛውን መታ፤ ቆርኪዎቹ ተበተኑ።

"ጥፋትሽን ታምኛለሽ፣ አታምኚም?"

"በምሳ ሰዓቴ አሰብኩ። ሰዓቱም ሐሳቡም የኔ ነው። አላምንም።"

ጋሽ ጉታ ሳቃቸውን ዋጡ። በዚያ ዘመን "አላምንም" የምትለዋ ቃል ሰው ታስበላ ነበር። ሰው የሚገፋበትን መጋዘን አይመርጥም፤ ግድግዳውን ግን በር ነው ብሎ እንዲምል ማን ያስገድደዋል? ዋጋነሽ ይህን በፍልስፍና አላነበበችውም፣ ኖረችው እንጂ።

ወደ እህል ሚዛን አዛወሯት፣ ዲስኩም እንዲደመሰስ ተወሰነ። ማሽኑን ባስረከበችበት ቀን ጓድ ፈጠነ ፊት ቆመች።

"የመጨረሻውን ክፍል ፌርማታ ላይ ቆርኪ ደርድሬ ፈታሁት። ዲስኩ ከመደምሰሱ በፊት አንድ ምሳ ሰዓት ብቻ ማሽኑ ፊት አስቀምጡኝ። ልክ መሆኔን እናንተ ሳትሆኑ ማሽኑ ይንገረኝ።"

አላስቀመጧትም።