ሦስት ካልሞሉ

ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ቀጥሎ ያየሁት ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎችን እግር ነው፤ ፊታቸው ጨለማ ውስጥ ነበር። ጣሪያው ሥር ፍርግርግ ያለባት አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በእሷ በኩል የኮምቦልቻ ሙቀትና የመኪና ድምፅ ይገባል። በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ አንድ ተሳቢ ወደ ደሴ ሊወጣ ማርሽ ሲቀንስ ሰማሁ። ያን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቤቴ እዚያው መንገድ ላይ፣ ዳገቱ አልቆ ብርዱ ሲጀምር፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው።

የያዙኝ ከአንድ ፋብሪካ ስመለስ ኬላ ላይ ነው። ጊዜው ሰው ሰውን የሚጠረጥርበት ጊዜ ነበር፤ የእኔ ሥራ ደግሞ መጠየቅ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ የውጭ ባለሀብት ያለባቸውን ድርጅቶች እየዞርን፣ ከውጭ ምን ያህል ካፒታል እንደገባላቸው፣ ከእናት ድርጅታቸው ምን ያህል እንደተበደሩ፣ ከትርፋቸው ምን ያህሉ እዚህ እንደቀረና ምን ያህሉ እንደወጣ እንጠይቃለን። ይህንን እስቲ ኬላ ላይ ለቆመ ሰው አስረዳ። "የሰው ፋብሪካ ምን ያህል ገንዘብ ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ አንተን ምን አገባህ? ለማን ልትነግር ነው?" አለኝ። የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤ አየው፣ ገልብጦም አየው፣ ከዚያ መኪና ላይ ውጣ አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ ቦታ የለቀቁልኝ የደጋን ገበሬ የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው። ስሜንም ሃይማኖቴንም ሳይጠይቁ "አሰላሙ አለይኩም" አሉኝ። "አብሽር ልጄ፣ አብሽር። እዚህ መስኮቷ ሥር ና፣ ነፋስ ቢጤ አለ።" እሳቸውን ከደሴ ሐኪም ቤት ሲመለሱ ከአውቶቡስ ያወረዷቸው መታወቂያቸውን ቤት ረስተው ነው።

ሥራዬን ጠየቁኝ። ትልልቆቹን ድርጅቶች አንድም ሳናስቀር እንደምንጠይቅ፣ ከትንንሾቹ ግን በዕጣ እንደምንመርጥ፣ ዕጣ የወጣበትም ስለ መሰሎቹ ጭምር እንደሚመልስ ነገርኳቸው።

"እንዲያ ከሆነ የደጋን ዕጣ በኔ ላይ ወጥቷላ" አሉ። "ያ ሁሉ ሰው ባውቶቡሱ ተሰግስጎ እኔን ብቻ መምዘዝ። ስለ ደጋን ሁሉ እንድመልስ ከሆነ፣ ወላሂ፣ የጎረቤቴን እንኳ በቅጡ አላውቅ።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሰማሁ ዕለት ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ የማወራው ለሚስቴ ነበር።

ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ሰው ሲታሰር ትልልቁን ነገር የሚናፍቅ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ የናፈቅሁት የውሃ ቀንን ነው። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። የመጣ ቀን ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆማል። እሷ ጎማውን ቧንቧው ላይ ትሰካለች፣ እኔ ጫፉን በርሜሉ ውስጥ እይዛለሁ። በመስኮት "ሞላ?" ትለኛለች፣ "ገና ነው" እላታለሁ። ጎማው አንዳንዴ እየሾለከ ሁለታችንንም ያበሰብሰናል፤ በደሴ ብርድ ማለት ነው። ያኔ እንነጫነጭ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት ተቀምጬ፣ ያን ቀዝቃዛ ውሃና ያን ንጭንጭ እንዴት እንደተመኘሁት መናገር ያቅተኛል። ተሳቢዎቹ ዳገቱን ሲጀምሩ በሐሳቤ አብሬያቸው እወጣለሁ፤ ድምፃቸው ሲጠፋ ተመልሼ እዚያው ነኝ።

ለምርመራ ሲጠሩኝ ያገኘሁት መርማሪ ወጣት ነው፤ አነጋገሩ የዚሁ አገር ልጅ ነው። አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም። ወንበር ሰጥቶኝ የሚፈልገውን በቀጥታ ነገረኝ። ከፋብሪካዎቹ በአንዱ ውስጥ፣ ባለቤቱ ከውጭ ገንዘብ መላክ አቁሟል፣ ጥሎ ሊሄድ ነው ብሎ የሚያወራ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ወሬ በዚህ ጊዜ ለጠላት መሥራት ነው። እንደ እሱ አባባል፣ እኔ ሁሉንም ስጠይቅ ስለከረምኩ የየትኛው ፋብሪካ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ።

አውቅ ነበር። የአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ናት። ጥያቄዬን ከመመለሷ በፊት የቢሮዋን በር ዘግታ "ይሄ እናንተ ጋ ይቀራል?" ብላኛለች። "ይቀራል" አልኳት። ለሁሉም የምንሰጠው ቃል ነው፤ ያለ እሱ እውነቱን የሚነግረን አይኖርም። ከውጭ ገንዘብ መግባት ማቆሙን የሚያሳየውን መልሷን በዚያው ዕለት ለዋናው ቢሮ ስለላክሁት እኔ ዘንድ የቀረው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።

"የአንዱን ድርጅት ለይቼ መናገር አልችልም" አልኩት። "ሲደመር ነው የሚወጣው።"

"ጥሩ። ስም ተወው።" ሰነፍ ሰው አልነበረም። "በየአገሩ ደምርልኝ። ከየትኛው አገር ለመጡት ገንዘብ እየገባ ነው፣ ለየትኞቹ ቆሟል?"

የእሷ ፋብሪካ ባለቤት ከመጣበት አገር ሌላ ባለሀብት ኮምቦልቻ ውስጥ የለም። አገሩን መጥራት እሷን መጥራት ነው።

"ከአንድ አገር የመጡት ድርጅቶች ሦስት ካልሞሉ አንናገርም" አልኩ። "አንድ ከሆነ ይታወቃል። ሁለት ከሆኑ ደግሞ አንዱ ከድምሩ የራሱን ሲቀንስ የሌላውን ያገኘዋል።"

"እንግዲያው ሦስት የሞሉትን ንገረኛ።"

ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሌሎቹን አገሮች ነግሬው በአንዷ ላይ ዝም ካልኩ ዝምታዬ ጣት ይቀስራል። በሥራችን እንዲህ ሲገጥመን የተደበቀው በመቀነስ እንዳይገኝ ጉዳት የሌላቸውን ቁጥሮችም አብረን እንሰውራለን። ስለዚህ የማንንም አልናገርም አልኩት። በእሱ ዓይን የለየለት ግትር ሆንኩ።

ከእኔ ስልክ ላይ የሚስቴን ቁጥር አይቶ በራሱ ስልክ ደወለ፤ ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ሚስትህ የት እንዳለህ አታውቅም" አለኝ። "አንዲት የአገር ስም ጥራልኝና እንደ ልብህ አውራት፤ ማታ ቤትህ ትገባለህ። ከዚያ በፊት ቃል ካወጣህ እዘጋዋለሁ።"

"ሄሎ?" አለች።

እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ጠንካራ ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

"ሄሎ? ማን ልበል?" ከኋላዋ በርሜል ውስጥ የሚወርድ ውሃ ይሰማል። የአገሩ ስም ምላሴ ላይ መጥቷል። እውነቱን ለመናገር ያኔ ያቺን የሒሳብ ኃላፊ ጠላኋት፤ ምነው ዋሽታኝ በነበር አልኩ። መርማሪው እየጠበቀ ያየኛል።

ሚስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አንተ ነህ?" አለች። "አንተ ከሆንክ ስማኝ። ውሃ መጥቷል። ጎማው ብቻዬን አስቸግሮኛል፣ ግን እየሞላሁ ነው። ደህና ነኝ። አታስብ።"

እጄን ዘርግቼ ስልኩን ራሴ ዘጋሁት። በሁለት እጄ አንስቼ ለመርማሪው መለስኩለትና "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። ለምን እንዳመሰገንኩት እንጃ፤ ድምፅዋን ያሰማኝ እሱ ነው። ስልኩን ተቀብሎ ጠባቂውን ጠራ።

መጋዘኑ ስመለስ አዛውንቱ ተጠጉኝ። "ምን አሉህ ልጄ?"

"ውሃ መጥቷል" አልኳቸውና ለቅሶዬ መጣ። ሳለቅስ ጠበቁኝ፤ ቆይቼ የሆነውን ነገርኳቸው።

"አማና ነዋ፣ አደራ" አሉ። "ከባድ ነው አማና። ሴቲቱም አማናዋን ሰጠች፣ አንተም ያዝህላት።" ነጠላቸውን አጥፈው ትራስ አደረጉልኝ። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። እኔን የለቀቁኝ ብዙ ቆይተው ነው፤ ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም።

ዛሬም ሥራዬ ያው ነው። ዘንድሮ እዚያው ፋብሪካ ሄድኩ። የሒሳብ ኃላፊዋ አለች፤ መነጽር ጨምራለች። በሩን ዘጋችና "ይሄ እናንተ ጋ ይቀራል?" አለችኝ።

"ይቀራል።"

"ሁሌ እንዲህ ትላላችሁ" አለች እየሳቀች። "እኔ በምን አውቃለሁ?"

ልነግራት እችል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሷል። ግን ብነግራት ከዚያ ወዲያ በነፃነት የምትመልስልኝ አልመሰለኝም።

"እስከ ዛሬ ወጥቶ ያውቃል?" አልኳት።

"አያውቅም" አለችና ወንበሯን ስባ መመለስ ጀመረች።

ማታ ወደ ደሴ ስንወጣ ሚኒባሳችን ከአንድ ተሳቢ ኋላ ቀረ። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ እኔ ያን ማርሽ እያዳመጥኩ ቤት ደወልኩ።

"ሄሎ?" አለች።

አልመለስኩም። ከተፈታሁ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ደግማ እስክትለው ዝም እላለሁ።

"ሄሎ? … አንተ ነህ?" አለች። "ቶሎ ና፣ ውሃ መጥቷል። ጎማውን የሚይዝልኝ የለም።"