አብላ ኢንሳፍ እና የሐዋ ልጆች

ታብሌቶቹ ከካይሮ ርቃ ወዳለችው ወደ ነጅ ሰንጥ መንደር የገቡት በሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ሰሞን፣ በሁለት ፒክአፕ መኪና ተጭነው፣ ጡሩምባ እየተነፋላቸው ነው። ትምህርት ቢሮው ለተማሪዎች መጸዳጃ ቤት በር የሚሆን ሳንቃ አጣሁ ማለት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ የወደፊቱን ዘመን ግን በካርቶን አሽጎ ለመላክ አልቸገረውም። ርዕሰ መምህሩ ኡስታዝ ሙንተሲር ለዕለቱ ከረባት አስረው ንግግር አደረጉ። ንግግሩ «ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ ተጀመረ፣ «ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ አለቀ። መሐሉን የሰማ የለም፤ መብራት ጠፍቶ ነበር።

መምህራኑ ሁሉ አጨበጨቡ። ያላጨበጨበችው አብላ ኢንሳፍ ብቻ ናት። እጇ ሥራ ይዞ ነበር፤ የአንዱን ካርቶን ጎን ቀድዳ መመሪያውን ታነባለች።

አብላ ኢንሳፍ የሳይንስ መምህር ናት፤ «አብላ» በዚያ አገር ሴት መምህር የምትጠራበት ነው። ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ስትሳፈር የሁለት ሰው ቦታ ትይዛለች፤ አንድ ጉልበቷ ስለሚያማትም ስትወርድ አንድ ጊዜ፣ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ትሳደባለች። ዛሬ ጢም አብቅለው በገበያ የሚንጎራደዱት አባቶች ግማሾቹ በእሷ ማስመሪያ የተገረፉ ናቸው፤ እስካሁንም ከሩቅ ሲያዩዋት ሲጋራቸውን ወደ ጀለቢያቸው እጅጌ ይሸሽጋሉ። ዘመናዊ ዕቃ አትጠላም፤ አትሰግድለትምም። መምህራኑ ታብሌቱን ከበው ሲያደንቁ፣ «ድስት ነው እኮ» አለቻቸው። «ምን እንደምትቀቅሉበት ንገሩኝና አብሬ ላድንቅ።»

መመሪያው እንደሚለው፣ እያንዳንዱ ልጅ ከአባቱ ጋር ቀርቦ በመምህሩ ፊት ይመዘገባል። የራሱን የይለፍ ቃል ይመርጣል። ቃሉን የረሳ እንደሆነ ግን አንድ ሚስጥራዊ ጥያቄ ይመልስና አዲስ ቃል ይመርጣል። ጥያቄው ደግሞ ይህ ነው፦ የእናትህ ስም ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ካይሮ ተቀምጦ የጻፈው ሊቅ፣ ከጎረቤቱ ከጊዛ ወዲህ ሰው እንደሚኖር የሰማ አይመስልም። በነጅ ሰንጥ እናት ስም የላትም። «የእገሌ እናት» ናት፤ «ቤቱ» ናት፤ «ቤተሰቡ» ናት። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ እንኳ ሙሽራዪቱ «የእገሌ ልጅ» ተብላ ነው የምትታተመው። የእናቱ ስም በአደባባይ የተጠራበት ወንድ ወይ ይደባደባል፣ ወይ ወንዝ ተሻግሮ ይሰደዳል።

ለምዝገባ መጀመሪያ የቀረበው ሐጂ ፈረጅ ነበር። የአገዳ ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ከመስጊዱ ማጉያ ጋር የሚፎካከር።

«ሐዋ ብለሽ ጻፊ» አለ።

«ሐጂ፣ ሚስትህን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አስተምሬያታለሁ። ሐዋ አይደለችም።»

«የሰው ልጅ ሁሉ እናት ሐዋ አይደለችም? ዋሸሁ?»

«አልዋሸህም።»

«ታዲያ ጻፊያ! ምን ትፈጥጪብኛለሽ?»

ቀጥሎ የነበረው አባት ጉሮሮውን ጠረገና «እንደ ሐጂው» አለ። ሦስተኛውም እንደ ሐጂው። የቀትሩ የዙህር አዛን ሳይሰማ ክፍሉ በሙሉ ከአንዲት እናት ተወለደ። አብላ ኢንሳፍ ሄዳ የሁሉም መልስ አንድ መሆኑን ለርዕሰ መምህሩ ነገረች።

«ምን ችግር አለው?» አሉ ኡስታዝ ሙንተሲር፣ ከረባታቸውን እያላሉ። «ዋናው መቶ በመቶ መመዝገባችን ነው። ቢሮው ሪፖርት ይጠብቃል።»

ጉልበቷ ይጠዘጥዛታል፤ የአባቶች ሰልፍ ገና በር ላይ ነው። ዝም ብላ ፈረመች። ይህን ጥፋቷን ዘልሎ እሷን ማመስገን ራሷን ማስቀየም ነው።

በብርዱ ወራት መጨረሻ የሆነው ሆነ። ታብሌቱ ውስጥ የክፍሉ ልጆች ጥያቄ የሚጠያየቁበት፣ ሁሉም የሚያየው አንድ የጋራ ሰሌዳ አለ። አንድ ማለዳ እዚያ ላይ በሹሩቅ ስም እንዲህ የሚል ወጣ፦ «ዚያድ፣ ካንተ ሌላ ዓይኔን የሚሞላ የለም።» ከሥሩ ቀይ ልብ።

ሹሩቅ የባህጋት ልጅ ናት፤ አገዳ ወደ ፋብሪካ የሚያመላልሰውን ጠባቡን ባቡር የሚነዳው ባህጋት። በክፍሉ ውስጥ እጇን አውርዳ የማታውቅ ልጅ ነች፤ አብላ ኢንሳፍን «ለምን?» እያለች ከምሳ የምታስቀር። የክፍል ጓደኛዋ ዚያድ መልእክቱን ሲያይ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ እየሮጠ ወጣ። እስከ እኩለ ቀን ወሬው ከትምህርት ቤት ወደ ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤት ወደ ሐዲዱ ደረሰ። ባህጋት ባቡሩን አገዳ እንደተሸከመ መንገድ ላይ ገትሮ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ታብሌቱን የሞተ አይጥ የያዘ ይመስል በፌስታል አንጠልጥሎ አመጣና ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ጣለው።

«ልጄ ትምህርት ጨርሳለች» ብሎ ወጣ።

ኡስታዝ ሙንተሲር ተነፈሱ። «ይኼ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የታብሌቱ ሥርዓት እንደሆነ አይደፈርም። የይለፍ ቃል የላትም እንዴ?»

አብላ ኢንሳፍ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ያን ዕለት ማለዳ፣ ደወል ሳይደወል፣ ሹሩቅ መጥታ «አብላ፣ ቃሌን አልቀበል አለኝ» ብላት ነበር። «ደግመሽ ሞክሪ» ብላ ነው የመለሰቻት።

ታብሌቱን ከፌስታሉ አወጣች። «ረስቻለሁ» የሚለውን ነካች። የእናትሽ ስም? ሐዋ። ወዲያው «አዲስ ቃልዎን ያስገቡ» አላት፣ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ በትሕትና። እዚያው ላይ አቆመች፤ የልጅቷን አንዲት መስመር ሳታነብ ዘጋችው።

«ኡስታዝ፣ በክፍሉ ያለ ልጅ ሁሉ የሁሉንም በር መክፈት ይችላል። ለአባቶች ልንነግር ነው።»

«አብደሻል? ለሞዴል ትምህርት ቤትነት ታጭተናል! ቢሮው ቢሰማስ?»

«ልጅቷ ትቃጠላ?»

«ምዝገባው ላይ የማን ፊርማ ነው ያለው? ያንቺ! መጀመሪያ የሚነሳው ያንቺ ስም ነው።»

«የኔ ነው» አለች አብላ ኢንሳፍ። «ለዚያ ነው የምሄደው። እርስዎም ይምጡ፤ ስልክዎን እንዳይረሱ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ፣ የቀዬው ወንዶች የሚሰበሰቡት በኡምዳው፣ ማለትም በመንደሩ አለቃ በአዛውንቱ ጣየዕ፣ መንደራ በሚባለው የእንግዳ አዳራሽ ነው። ሴት እዚያ ገብታ አታውቅም፤ ሻይ እንኳ በር ድረስ ነው የሚደርሰው። አብላ ኢንሳፍ ደረጃውን እየተሳደበች ወጣችና ገባች። ወንዶቹ ተነሡ፤ ግማሹ ከአክብሮት፣ ግማሹ ከድንጋጤ። አንዱ ሲጋራውን እጅጌው ውስጥ ከተተ፤ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ።

«አህለን፣ ልጄ» አሉ ኡምዳው። «መንገድ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም፣ ኡምዳ። ስለ ባህጋት ልጅ ነው።»

ባህጋት ጥግ ላይ ወለሉን እያየ ተቀምጧል። «ስሟ እዚህ እንዳይነሳ» አለ።

«በዚህ ዕቃ ውስጥ የተነሣው እሷ ሳታነሣው ነው። አሳያችኋለሁ። ሐጂ ፈረጅ፣ የልጅህ በር ፊትህ ይከፈት፣ ትፈቅዳለህ?»

«ክፈቺ!» ሐጂ ፈረጅ ሳቀ። «የኔ ልጅ በር ብረት ነው። ቃሉን ለእኔም አልነገረኝ።»

በሹሩቅ ታብሌት ላይ የሐጂውን ልጅ ስም አስገባች፣ «ረስቻለሁ» የሚለውን ነካችና ለባህጋት ሰጠችው። «አንተ ነህ የምትከፍተው።»

ባህጋት በግራሶ የጠቆረ ጣቱን አሻሽቶ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ብሎን እያጠበቀ ሐዋ ብሎ ጻፈ። ተከፈተ። አዲስ ቃል ስጥ አለው፤ ሰጠ።

«አሁን በሐጂ ፈረጅ ልጅ ስም ደስ ያለህን ለርዕሰ መምህሩ ላክላቸው።»

ባህጋት ብዙ አሰበ። ለቀናት ያልተፈታ ፊቱ በአንድ ጎን ተፈታ። ጻፈ። ጥግ ላይ የኡስታዝ ሙንተሲር ኪስ ጮኸ።

«ያንብቡታ!» አሉ ኡምዳው።

«ግድ የለም፣ ኡምዳ፣ ተራ ነገር ነው...»

«ያንብቡ!» አሉ ኡምዳው ደግመው።

ኡስታዝ ሙንተሲር አነበቡ፦ «እኔ አህያ ነኝ። አባቴም ያውቃል።»

መንደራው በሳቅ ፈረሰ። ከወንዶቹ የአንዱ ሻይ በአፍንጫው ወጣ። ሐጂ ፈረጅ ብድግ አለ፤ ተቀመጠ፤ ደግሞ ብድግ አለ። «ልጄ አይደለም የጻፈው! ሁላችሁም አይታችኋል፣ ልጄ አይደለም!»

«አዎ» አለች አብላ ኢንሳፍ፣ ሳቁ ሳያልቅ። «ልጅህ አይደለም። የባህጋትም ልጅ አይደለችም።»

ሳቁ ከእያንዳንዱ ፊት ቀስ እያለ ወረደ፤ ሁሉም ስለየራሱ ልጅ ማሰብ ጀምሮ ነበርና።

«ታዲያ ጥፋቱ የማነው?» ሲል ሐጂ ፈረጅ አፈጠጠ።

«የኔ። ሐዋ ሐዋ ስትሉ ስህተት መሆኑን አውቄ ነው የፈረምኩት፤ ሰልፉ ረዝሞብኝ። ያን ጠዋትም ልጅቷ ቃሌ አልሠራ አለ ስትለኝ ደግመሽ ሞክሪ ብዬ አባረርኳት። ሌላ ልጅ ቃሉን ቀይሮባት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቢሮው ከጠየቀኝ ይህንኑ እነግረዋለሁ።»

«ማነው የቀየረው? ስሙን ጥሪ!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ዱላውን እየነካካ።

«ልጅ ነው። ፈልጌ አገኘዋለሁ፤ እኔው እቀጣዋለሁ። ለናንተ ዱላ የማቀብለው ተማሪ የለኝም።»

ለሐጂ ፈረጅ አሁንም የአህያው ነገር አልወረደለትም። «ስም ደበቃችሁ ብለሽ እኛን ታዋርጃለሽ። አንቺስ? የናትሽን ስም እዚህ ወንድ ፊት ትጠሪዋለሽ?»

አንዳንዶች «ሐጂ፣ ነውር ነው» አሉ። አብላ ኢንሳፍ ሐጂውን አየችው፤ ማባዛት የተሳነውን ተማሪ በምታይበት አስተያየት።

«በኺታ» አለች። «እናቴ በኺታ ትባል ነበር። በናንተ አባቶች ማሳ አገዳ እየላጠች አስተማረችኝ። መደበቃችሁን አልነቀፍኩም፤ ደብቁ። ግን ሁላችሁም አንድ ቁልፍ አንጠልጥላችሁ በራችን ተቆልፏል አትበሉ።»

ኡምዳው በትራቸውን ወለሉ ላይ አስደገፉና፣ «አላህ ይዘንላት፣ በኺታ» አሉ፤ ስሙን ሙሉውን፣ ሳይቸኩሉ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹም «አላህ ይዘንላት» አሉ። ሐጂ ፈረጅም አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎረቤቱ አልፎ አልተሰማም።

ባህጋት ተነሥቶ ታብሌቱን መለሰላት። «እሑድ፣ ሳምንቱ ሲከፈት፣ ትመጣለች» አለ። «ይሄ ዕቃ ግን ቤቴ አይገባም።»

«አይግባ። ትምህርት ቤት ከኔ ጋር ያድራል።»

የሞዴልነቱ ሽልማት ወንዝ ማዶ ላለ ትምህርት ቤት ተሰጠ ይባላል፤ ኡስታዝ ሙንተሲርም ከረባቱን አጥፈው አስቀመጡት። ካይሮ ጥያቄውን እንድትለውጥ አብላ ኢንሳፍ ጻፈች፤ ካይሮ ሥራ በዝቶባታል። መልእክቱን የጻፈውን ልጅ አገኘችው። ማንም በሌለበት ሹሩቅ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጥፋቱን ለአብላ አምኖም ክፍሉ ባዶ ሲሆን መስኮቶቹን ሲያጥብ ከረመ። ከአብላና ከሹሩቅ በቀር ስሙን በነጅ ሰንጥ የሚያውቅ የለም።

ያን እሑድ ግን በክፍሉ ትምህርት አልተሰጠም። ልጆቹ አንድ በአንድ እየገቡ ለዚያ ጥያቄ ራሳቸው ብቻ የሚያውቁትን መልስ ጻፉ፤ አብላ ኢንሳፍም ያን ሁሉ ጊዜ በታመመው ጉልበቷ ቆማ ፊቷን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙራ ነበር። ሹሩቅ መጨረሻ ገባች።

«አብላ፣ የእናት ስም ይላል እኮ።»

«እሱ የፈለገውን ይበል። አንቺ የፈለግሽውን ጻፊ።»

«ምን እንደጻፍኩ ልንገርዎት?»

«እንዳትነግሪኝ!»

ልጅቷ ረጅም ነገር ጻፈች፤ ጣቷ መስታወቱን ሲመታ ይሰማል። «ብረሳውስ?»

«ነይና ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

በማግስቱ ትምህርቱ ተጀመረ። ስለ ሥርና ቅጠል ሰሌዳ ላይ እየሳለች ሳለ ከኋላ አንድ ድምፅ «አብላ፣ ቃሌን አልቀበል አለኝ» አለ። አብላ ኢንሳፍ ሥዕሉን ከግማሽ ተወችው፣ ጠመኔውን አስቀመጠች፣ ጉልበቷን ሰደበችና እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሄደች።