ከእግሩ የተቆረጠለት መንጋጋ

ወንድሜ የኮት እጅጌ እየገጠመ ነበር። ግራ እጁ ጨርቁን ይወጥራል፣ ቀኝ እጁ መርፌውን ይሰዳል፣ ይስባል። ዓይኑን ወደ መንገዱ ጥሎም ስፌቱ አይዛነፍበትም። ክሩ ሲያልቅ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ሊበጥሰው ነከሰው። ያን ጊዜ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። እኔ በሩ ጋ ነበር የተቀመጥኩት፤ እዚያ ድረስ ተሰማ። እሱ ግን አልጮኸም። አገጩን በመዳፉ ደግፎ አየኝ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«እታለም፣ መንጋጋዬ ተሰበረ መሰለኝ» አለኝ። አፉ ወደ አንድ ጎን ተንሻፎ ነበር።

ታናሼ ነው። የልብስ መለኪያው ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። ሚስቱ፣ «ሲተኛም አያወልቀውም፤ ተኝቼ ሊለካኝ ነው መሰለኝ» ስትል፣ «አንቺንማ አንድ ሜትር መች ይበቃሽና!» ይላታል። ግማሹ ደንበኛ የሚመጣው ይህን ጨዋታቸውን ፍለጋ ነበር።

ከዓመታት በፊት ምላሱ ሥር ዕጢ ወጥቶበት በጨረር ታክሟል። ዕጢው ጠፋለት፤ ዳነ አልን። ቤታችን ውስጥ ግን ካንሰር የሚለው ቃል አይነሳም። እናታችን ክፉ በሽታ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ይመለሳል ትል ነበር። እሷ ካለፈች በኋላም ልማዱ ከእኛ ጋር ኖረ። «ያ ነገር» እንለዋለን፤ እሱንም ከአፋችን ካመለጠን ነው።

ከዚያ አንድ የታች ጥርሱ ተነቃነቀና ሰፈር ውስጥ ወዳለው ጥርስ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ከመንቀሉ በፊት ደህና አድርጎ ጠይቆታል።

«ከዚህ በፊት የታከምከው ከባድ ሕመም አለ?»

«እኔ? ብረት ነኝ!» አለው ወንድሜ።

ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ነበር። በኋላ ስጠይቃት፣ «ያለፈ ነገር ለምን ይነሳል ብዬ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ጥርሱ ተነቀለ።

ቁስሉ አልዘጋ አለ። ይድናል ብለን ስንጠብቅ ጥርሱ ከነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ቢጫ አጥንት ብቅ አለ። ቀጥሎ የታች ከንፈሩ ደነዘዘ፤ ሾርባው በአገጩ ሲወርድ አይታወቀውም፣ ሚስቱ ሰው ሳያይ ትጠርግለታለች። በመጨረሻ ሽታው መጣ። የሸሚዝ አንገት ፊት ለፊት ቆሞ እየቀለደ ይለካ የነበረው ሰው፣ ከደንበኛው ጀርባ ዞሮ ትንፋሹን ይዞ መለካት ጀመረ። ደንበኞቹም ጨዋታውን መጠየቅ ተዉ። እንግዲህ ክሩን የነከሰው በዚያ መንጋጋ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ ቀዶ ሐኪሟ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንሥታ ብዙ አየችው።

«ጨረር ታክመሃል?» አለችው።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሚስቱ። እሷ መሬት መሬት እያየች፣ «ካንሰር ነበረበት» አለች። ቃሉን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጥርሱ ሲነቀል ተናግራችኋል?»

«አልተናገርንም» አልኩ እኔ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ አስረዳችን። ጨረር የነካው አጥንት የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ካልነኩት ሊኖር ይችላል፣ ከቆሰለ ግን ራሱን መጠገን ያቅተዋል። የወንድሜ አጥንት ሞቷል። የሞተው ተቆርጦ ይወጣል፤ ከእግሩ ቀጭኑ አጥንት ከነደም ሥሩና ከነቆዳው ተወስዶ፣ በመንጋጋው ቅርጽ ተስተካክሎ ይታሰራል፤ ደም ሥሩም ከአንገቱ ደም ሥር ጋር ይሰፋል።

«ከየትኛው እግሬ?» አለ ወንድሜ። «የስፌት መኪናዬን የምረግጠው በቀኙ ነው።»

«ከግራው እናድርገዋ» አለች ሳቅ ብላ።

እሱ ግን አልሳቀም። «ዶክተር፣ የነተበ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ ስጥፍ፣ የሚቀደደው እራፊው አይደለም፤ ዙሪያው ነው። አንገቴም ጨረሩ አግኝቶታል። ነትቦ ቢሆንስ?»

«እኔም የምፈራው እሱን ነው» አለችው። «ደም ሥሩ ከተዘጋ አዲሱም አጥንት ይሞታል። ሁለተኛ መሞከር ከመጀመሪያው ይከብዳል።»

ከቀዶ ጥገና ሲወጣ ፊቱ አብጦ፣ ጉሮሮው ላይ ቱቦ ገብቶለት ነበር፤ መናገር አይችልም። ነርሷ እየተመላለሰች አፉ ውስጥ የተሰፋውን የእግሩን ቆዳ በትንሽ መሣሪያ ትነካዋለች፤ መሣሪያው «ሹ፣ ሹ» ይላል። ደሙ ሲያልፍ ነው። ያ ድምፅ እስኪሰማ እኔና ሚስቱ አንተነፍስም።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ መሣሪያውን አስጠጋችው። ዝም። ትንሽ ፈቀቅ አደረገችው። ዝም። ቆዳው ጠርዙ ላይ ጠቁሯል። ቀስ ብላ ወጣች፤ በሩን እንዳለፈች ግን ስትሮጥ ኮቴዋን ሰማሁ።

መልሰው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወሰዱት። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ መለኪያውን እጇ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ሐኪሟ ስትመጣ ሁለታችንም ከመቀመጫችን ተነሣን።

«ደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር፤ አውጥተን እንደገና ሰፍተነዋል። ለዛሬ ይዟል።»

«ለነገስ?» አለች ሚስቱ።

«ነገ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ» ብላ ሄደች።

ይህን የምጽፈው አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነው። ነርሷ አሁን አዳምጣ ወጣች። ድምፁ አለ፤ ግን ቀጥኗል፤ ወይ እኔ ፈርቼ ይሆናል። ወንድሜ ዓይኑን ከእኔ ላይ አይነቅልም።

የምታነቡኝ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፊቱን ወይም አንገቱን በጨረር የታከመ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ጥርሱን ሊያስነቅል ሲሄድ አብራችሁት ሂዱ። ሐኪሙ ሲጠይቀው ዝም ካለ፣ እናንተ የበሽታውን ስም ጥሩለት። ጮክ ብላችሁ ጥሩለት።