የረቡዕ ካሴቶች

አክስቴን ከረቡዕ ጉብኝቷ ያገዷት እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች በተደራረቡበት የጓሮ ክፍል ውስጥ ነው። የቤተክርስቲያኑ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ከክምሩ ላይ አንድ ወንበር እንኳ አላወረደላትም። ቆማ ነው የሰማችው።

«እማማ፣ ከእንግዲህ ወደ አረጋውያን መጦሪያው እንዳይሄዱ ተወስኗል» አላት።

«ማን ወሰነ?»

«ኮሚቴው።»

«ኮሚቴው ማለት አንተና ሚስትህ ናችሁ?»

ሰብሳቢው ሌሎችም እንዳሉ ነገራት። ማን ማን እንደሆኑ ጠየቀችው። የዚህን መልስ አላገኘችም፤ ምክንያቱን ግን አገኘች። በቤተክርስቲያን ስም እየሄደች፣ ሊሞቱ ለተቃረቡ ሰዎች የቴሌቪዥን ድራማ ታሰማለች።

ነገሩ እውነት ስለሆነ አክስቴ አልካደችም። ደሟን ያፈላው «ሊሞቱ ለተቃረቡ» የሚለው ነው።

«አንተ መቼ እንደምትሞት ነግረውሃል?» አለችውና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

አክስቴ የሥራ ዘመኗን የጨረሰችው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እርጥብ አንሶላ በእንፋሎት መተኮሻው ታሳልፋለች፤ በወዲያ በኩል ሲወጣ ከባልደረባዋ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘው ያጣጥፉታል። ክንዶቿ ላይ ማሽኑ የተወላት ጠባሳ ዛሬም አለ። ጠዋት ጠዋት ከቤት ሳትወጣ ተንበርክካ ትጸልያለች። ስትጸልይ ድምፅዋ ግድግዳ አልፎ ይሰማል፤ አምላክን የምታናግረው እንደ ቅርብ ጎረቤት ነው፣ ቅር ያላት ነገር ካለም ሳትደብቅ ትነግረዋለች። ቅዳሜ የቤተክርስቲያኑን የመድረክ ጨርቆች ወደ ቤቷ ወስዳ ትተኩሳለች። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አመስግኗት አያውቅም።

ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እሱ ለሥራ ሲወጣ ሰው ለእራት ይቀመጣል፤ እሱ ሲገባ ሰው ለሥራ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ረቡዕ ማታ የሚታይ «የጣቢያው ቤት» የሚባል ተከታታይ ድራማ ነበር። አንድ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ታላቋ አኩርፋዋለች፣ አታናግረውም። ለምን እንዳኮረፈችው እሱ አያውቅም፤ ተመልካቹ ያውቃል። ታሪኩ ይኸው ነው። ሰፈሩ ግን በዚያ ሰዓት ጭር ይል ነበር፤ ሱቅ ሄዶ የሚሸጥ ሰው የሚያገኝ አልነበረም።

ድራማው ሲጀመር ዳቦ ጋጋሪው ክንዱ ሊጥ ውስጥ ነው። ቪዲዮ መቅረጫ የሚባለውን በሰው ቤት ነበር የሚያዩት። ስለዚህ አክስቴ የካሴት መቅጃውን ቴሌቪዥኑ ፊት በርጩማ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ትቀዳለታለች። ድምፅ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጅቷ ዝም ስትል ካሴቱም ዝም ይላል፤ የሚሰማው ሰው ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። እናም ተዋናዮቹ ዝም ባሉ ቁጥር አክስቴ ወደ መቅጃው ጠጋ ብላ የምታየውን ትናገራለች፦ «አሁን ሻንጣዋን አነሣች። አላየችውም። እሱ ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አደረገው። ይሄ ሰውዬ አያፍርም።» የመጨረሻው የራሷ ነው። የራሷ የሆነ ብዙ አለ። የእኛ የልጆቹ ሳልም አለ፤ የበር መንኳኳትም አለ፤ «ዝም በሉ፣ አጎታችሁ አይሰማም» የሚል ቁጣም አለ።

ባሏ ከእንቅልፉ ሲነሣ ሻይ ይዞ ይሰማል። መሃል ላይ ያቆመውና «ባርኔጣው ምን ዓይነት ነው?» ይላል። «እኔ ልየው ባርኔጣውን? ልጅቷን እያየሁ» ትለዋለች። በሚቀጥለው ረቡዕ ግን ካሴቱ ላይ ስለ ባርኔጣው በደንብ ይነገራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ድራማው አለቀ። ካሴቶቹ ጫማ ካርቶን ውስጥ ገቡ። ባልየውም ጊዜው ደርሶ ሞተ።

መጦሪያው ሰፊ ሳሎን አለው። ቴሌቪዥኑ ጣሪያው ሥር ተሰቅሏል፤ ሪሞቱ በተረኛዋ አስታማሚ ኪስ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ሳሙናና ስለ ስልክ ጥቅል ይለፈልፋል። ከሥሩ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ አያዩም፣ የሚያዩትም አንገታቸው አይቀናም። በስኳር በሽታ ዓይኑን ያጣ አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ አለ። «ይሄን ዕቃ የሰቀሉት አምፖሉን እንዲያጫውት ነው» ይላል።

አክስቴ መጀመሪያ ከመዝሙረ ዳዊት ብቻ ነበር የምታነብላቸው። አንድ ቀን ፖስተኛው «ረቡዕ እኮ የጣቢያው ድራማ ነበር» አለ። ከጎኑ የምትቀመጠው የድሮ አዋላጅ ያን ድራማ ጀምራ ጨርሳው እንደማታውቅ ተናገረች፦ «ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ ነው ሴት ምጥ የሚይዛት።» በሚቀጥለው ሳምንት አክስቴ የካሴት ማጫወቻዋን በዘንቢል ይዛ ሄደች።

መዝሙሩ ይነበባል፤ ይጸለያል፤ ከዚያ ካሴቱ ይከፈታል። ሥራ ላይ ላመሸ ሰው ተብሎ የተቀዳው ነገር ለማያይ ሰው የተሠራ ያህል ልክ መጣ። ተረኛዋ አስታማሚ ሳትጠየቅ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ጀመረች።

«ይቺ የምትነግረን ሴትዮ ማን ናት?» አለ ፖስተኛው በመጀመሪያው ቀን።

«እኔ ነኛ።»

«ድምፅሽ ቀጭን ነበር።»

«አንተም ዓይን ነበረህ።»

ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ፖስተኛው ነው።

አክስቴ ይህን ከጸሎቷ የተለየ ነገር አድርጋ አታየውም። ስለ ይቅርታ ከመድረክ ብዙ ሰምታለች፤ ያቺን ያኮረፈች ልጅ ግን አብራት እራት የበላች ያህል ታውቃታለች። «ጌታችን ሲያስተምር ታሪክ አይደል እንዴ የሚያወራው?» ትላለች። «ዘሪ ወጣ፣ በግ ጠፋ፣ ልጅ ከቤት ኮበለለ። ወይስ እነዚህ ሰዎች መጽሐፉን አላነበቡትም?»

አንብበውታል። ነገሩ የመጽሐፍ አልነበረም። አንድ ረቡዕ ሰብሳቢው ከዋናው ቢሮ የመጡ እንግዶችና ፎቶ አንሺ አስከትሎ፣ ሳያስነግር መጦሪያው ከተፍ አለ። ሳሎኑ መሃል ቆመና በመድረክ ድምፁ «የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል አንተ፣ ባቡሩ እየገባ ነው» አለው ፖስተኛው፣ ዘወር እንኳ ሳይል።

እንግዶቹ ሳቁ። አዋላጇ ቀጠለች፦ «ስትራመድም ቀስ በል፤ ጫማህ ይጮኻል።» ሰብሳቢው የካሴቱ ገጽ እስኪያልቅ ድረስ እጁን አጣምሮ ቆሞ ጠበቀ። በቤተክርስቲያናችን ውስጥ እሱን ያስጠበቀው ሰው የለም፤ መጋቢው ራሱ ጸሎቱን የሚጨርሰው ሰብሳቢው ሰዓቱን ከማየቱ በፊት ነው።

ድራማው ኃጢአት የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

አክስቴ ለመጋቢው አቤት አለች። መጋቢው ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ቀድሞ ለደረሰ ነው፤ ሰብሳቢውም ቀድሟታል። ሦስቱም መጋቢው ቢሮ ተቀመጡ። ያን ዕለት ወንበር አገኘች።

«እናቴ፣ ሰላም እንዲሆን ብለን ነው» አለ መጋቢው።

«ሰላም ነበር እኮ። ማን ተጣላ?»

ሰብሳቢው መፍትሔ ይዞ መጥቷል። እሑድ በጉባኤ ፊት ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ካሴቶቹን ታስረክባለች፤ ከዚያ ተመልሳ መሄድ ትችላለች፣ መዝሙር ብቻ ልታነብ።

«ይቅርታ ምን ብዬ?»

«ቅዱስ በሆነ አገልግሎት ውስጥ ዓለማዊ ነገር ቀላቅያለሁ ብለው።»

«አልቀላቀልኩማ። መዝሙሩ አልቆ፣ አሜን ተብሎ ነው።»

«እማማ፣ አይቆጡ።»

«ለምን አልቆጣም? ቁጣም አስፈቅዳለሁ? ለመሆኑ አንተ እዚያ ቤት ውስጥ ካሉት የአንዱን ስም ታውቃለህ? እስቲ አንድ ሰው ጥራልኝ።»

ሰብሳቢው መጋቢውን አየ። መጋቢው ጠረጴዛውን አየ።

«ካሴቶቹን ምን ልታደርጓቸው ነው?» አለች።

«ይወገዳሉ።»

«የቤቴ ሰው ሁሉ ሳል እላያቸው ላይ አለ። ሳሉንም ታስወግደዋለህ?»

መጋቢው ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። መሳቁ ምን ጠቀማት፤ ውሳኔው እንዳለ ቀረ። ወይ ይቅርታ፣ ወይ ቤቷ መቀመጥ።

ረቡዕ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ሄደች። የመጦሪያው ዘበኛ ከርቀት በአረማመዷ የሚለያት ሰው ነው፤ ያን ቀን በሩን አልከፈተም። ከቤተክርስቲያን ተደውሏል። ያለ ፈቃድ የሚገባ ዘመድ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ የአንዳቸው ዘመድ ነኝ ይበሉኝና ይግቡ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን ያጣራል?»

«አይደለሁማ።»

«አንዲት ቃል ናት እኮ።»

«እነዚያ ውሸት ተናገሪ ሲሉኝ እንቢ ብዬ ነው እዚህ የቆምኩት። ላንተ ልዋሽልህ?»

ዘበኛው ራሱን አከከ። ከጎጆው በርጩማውን አወጣና ከሽቦ አጥሩ ውጭ አስቀመጠላት፤ ከአጥር ውጭ መቀመጥን የከለከለ የለም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ለፖስተኛው ሹክ አለው።

በዚያው ሰዓት ሳሎኑ ውስጥ ሰብሳቢው የላካቸው ወጣቶች ጊታር ይዘው ተሰልፈዋል፤ ፎቶ አንሺውም አለ። የመጀመሪያው መዝሙር ሳያልቅ ፖስተኛው የአዋላጇን ክንድ ይዞ ወጣ። ሌሎቹም በከዘራ፣ ግድግዳ እየተደገፉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተከተሉ። ከአልጋ የማይነሡት ብቻ ቀሩ። አስታማሚዋ ብርድ ልብስ ይዛ ከኋላቸው ወጣች እንጂ ማንንም አልመለሰችም። ወጣቶቹ ምን ያድርጉ፤ ዘምሩ ተብለዋል፣ ዘመሩ።

አክስቴ ከሽቦው ወዲያ ሆና መዝሙሩን አነበበች፣ ጸለየች፣ ካሴቱን ከፈተች። መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። አላፊ አግዳሚው የሚለምኑ መስሎት ቆም ይላል።

እሑድ ሰብሳቢው መድረክ ላይ ወጥቶ ሪፖርት አቀረበ። ወጣቶቻችን አረጋውያኑን በዝማሬ አጽናንተዋል፤ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር በደስታ ተሞልቶ ነበር፤ ምስሉም ተነሥቷል። አክስቴ በጉባኤ መሃል ተነሥታ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ በሕይወቷ አድርጋው አታውቅም። ተነሣች።

«ሳሎኑ ባዶ ነበር» አለች። «ሰዎቹ ውጭ ከእኔ ጋር ነበሩ፤ አጥር በመሃላችን ሆኖ።» ተቀመጠች።

መጋቢው ቶሎ ብሎ መዝሙር ጠራ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ መጽሐፉን ማገላበጥ ያዘ፤ ቃሉን በቃል የሚያውቁት ሳይቀሩ ገለጡ። አንድም ሰው «ልክ ናት» አላለም። አብሬያቸው ነበርኩ፤ እኔም መጽሐፌን ገለጥኩ። አክስቴ ሁሉንም ስንኝ ዘመረች፣ ከማናችንም ከፍ አድርጋ።

ሰብሳቢው በር ላይ ጠበቃት።

«እማማ፣ በእግዚአብሔር ቤት አሳፈሩኝ» አላት።

«አንተ በእግዚአብሔር ቤት ዋሸህ» አለችው። «የቱ እንደሚብስ ሂድና ባለቤቱን ጠይቀው።»

ፈቃዱን እስከ ዛሬ አልመለሱላትም፤ እሷም አልለመነቻቸውም። ረቡዕ ረቡዕ ትሄዳለች፤ ሲዘንብ ዣንጥላ ትይዛለች። በቅርቡ የመጦሪያው ኃላፊ እስከ አጥሩ ድረስ መጥታ፣ አረጋውያኑ ብርድ እንደሚመታቸው፣ ነገሩ ለሚያየውም ደስ እንደማይል ነገረቻት።

«እትዬ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አለቻት አክስቴ። «ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው።»